የሣህሉ ሬዲዮ የሞተ ሰሞን

ሣህሉ ሬዲዮ ባይኖረው ኖሮ ከሰፈሩ ሰው አንድም ደጁን የሚረግጥ አልነበረም። ይህን የሚለው ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ሣህሉ ነው። ለሚስቱ ለየኔነሽ ሲነግራት ኖሯል። የኔነሽ ደግሞ ጎመኗን እየቀነጠሰች፣ «ታዲያ ሬዲዮ አለህ አይደል?» ትለዋለች። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ሬዲዮው ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሚወርደው ጠባብ መንገድ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ያለው ሌላ ቤት አልነበረም። የሌላው ሰው ሬዲዮ አዲስ አበባን ይይዝና ደክሞት ያርፋል፤ የሣህሉ ግን ጅቡቲንም ካይሮንም ይጎትታል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት አብቅቶ ሰው የሞተበትንና የተረፈለትን የሚቆጥርበት ጊዜ። መንግሥት የሚለውን ወደድክም ጠላህም ትሰማለህ። ሌላው የሚለውን ለመስማት ግን የሣህሉ ሬዲዮ ያስፈልጋል፤ በሩንም መዝጋት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ የሰፈሩ ወንዶች ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ አብዲቃድር ይመጣል። ከመንገዱ ማዶ በረንዳ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖረው፣ ሁሉም በፈረንጅኛው «ሙሴ» የሚለው በዛብህም ይመጣል። ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ። ሣህሉ ከሬዲዮው ጎን፣ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። ማዞሪያውን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። «ጋሽ ሣህሉ፣ እስቲ ትንሽ ከፍ አርጋት» ሲሉት ወዲያው ከፍ አያደርጋትም። ቅጠሉን አኝኮ፣ ውሃ ተጎንጭቶ፣ ጉንጩን አስተካክሎ ነው።

ከሁሉ የሚጥመው ግን በዛብህ ከበታቹ መቀመጡ ነው።

በንጉሡ ጊዜ ሁለቱም ቆዳና ቡና ወደ ውጭ ለሚልክ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ይሠሩ ነበር። በዛብህ ፈረንሳይኛ ስለሚያውቅ አስተርጓሚ ሆኖ ቡሮ ውስጥ ከማራገቢያው ሥር ይቀመጣል። ሣህሉ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ቆዳ ይቆልላል። አንድ ጊዜ የመጋዘን ኃላፊው ሥራ ለቀቀና ሣህሉ ቦታውን ለመለመን ኮፍያውን አውልቆ ቡሮ ገባ። ልመናውን ለበዛብህ ነገረው። ፈረንሳዊው በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ፤ በዛብህ አጠር አድርጎ መለሰ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በዛብህ ዞር ብሎ፣ «ይታሰብበታል ብሏል» አለው። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ፈረንሳዊው አገሩ ገባ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ መጋዘኑ ተወረሰ። ያቺ ሳቅ ግን ከሣህሉ ጆሮ አልወጣችም። በዛብህ ምን ብሎ እንደሆነ አያውቅም። ስለማያውቅም በየጊዜው ራሱ ይተረጉማታል። አንዳንድ ቀን «ይሄ አህያ ቁልፍ ሊይዝ ፈለገ» ትሆናለች። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ሲሞቅ፣ «አይሸትህም ወይ ጌታዬ» ትሆናለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋው ደግሞ በምን እንደተወጋ ካላወቀ ቁስሉን በየቀኑ ይነካካል። ሣህሉም የጅቡቲ ጣቢያ ፈረንሳይኛ መናገር ሲጀምር «ይሄ ይንጫጫል» ብሎ ያዞረዋል። በዛብህ ዝም ይላል። ሣህሉ ለዚያ ዝምታ ሲል የመብራት ሂሳብ ይከፍላል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ሽቦ የመዘርጋቱ ነገር የመጣው በኻድራ ምክንያት ነው።

ኻድራ ቤቷ ከሣህሉ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መጋላ ገበያ ውስጥ ጫት ስትሸጥ፣ ስትከራከር፣ ስትሳደብና ስትመርቅ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሞተና ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት በሃይማኖቷ ደንብ ጊዜው እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣም። ኻድራ ሐዘኑን ቻለችው፤ ያልቻለችው ጸጥታውን ነው። አንድ ቀን በግንቡ ላይ ድምጿን ወረወረች።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ስትስቁ ይሰማኛል፤ የሳቃችሁበት ግን አይሰማኝም። ይሄ ደግ ነው ወይ፣ ወላሂ?»

ሣህሉ የዚህን ሕመም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር ስልክ ሽቦ መጋላ ውስጥ እንደ ገመድ ይሸጥ ነበርና አንድ ጥቅል ይዞ መጣ። ከተሰበረ ሬዲዮ እስፒከር ነቅሎ በካርቶን አቀፈው፤ ሽቦውን ከሬዲዮው ጀርባ አስነሥቶ በግንቡ ላይ አሳለፈና ኻድራ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሬዲዮው የሚናገረውን ካርቶኑም ተናገረ።

«አላህ ጆሮህን አይንሳህ» አለችው ኻድራ። እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቶ አያውቅም። ለሁሉም አወራው።

ማውራቱ ነው የጎዳው። አብዲቃድር «አቦ ሣህሉ፣ ሚስቴ ቱሪያ ምን በደለች?» አለና ለእሱም ቤት ተዘረጋ። ጥቂት ቆይቶ በዛብህ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሣህሉ፣ ይሄ እግሬ አላስቀምጥ ብሎኛል። ወደ በረንዳዬ አንዲት ሽቦ ብትወረውርልኝ።»

በዛብህ ሣህሉን ለመነ። ሣህሉ ይታሰብበታል ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ደስታው ቀደመው። ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል እስፒከር ነበረው። ለራሱ ሊያደርገው ያስቀመጠውን እሱን ሰጠው። ሰው ለሚወደው ይሰጣል፤ ለሚጠላው ግን ይበልጥ ይሰጣል፣ እንዲያይለት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማዘንጊያም ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ሽቦውን ተከተለው።

«ይሄ ሽቦ ማንን ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው?»

«ሰፊውን ሕዝብ ከሬዲዮ ጋር ነው፣ ጓድ» አለ ሣህሉ።

ማዘንጊያ አሰበ። መልሱ ስህተት እንዲኖረው ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። «እንግዲያው ለቀበሌው አዳራሽም አንድ ይግባለት። ስብሰባ እስኪጀመር ሕዝቡ እያዳመጠ ይጠብቃል።»

«ሽቦ ሲገኝ፣ ጓድ።»

ሽቦ አልተገኘም።

እንዲህ ሆኖ ሬዲዮው በየቤቱ ገባ፤ ከሣህሉ ቤት ደግሞ ሰው ወጣ። በመጀመሪያ አብዲቃድር ቀረ፤ እቤቱ እየሰፋ ይሰማል፣ ምን አለፋው። ቀጥሎ በዛብህ ቀረ። ፍራሹ ባዶውን ተዘረጋ። ሣህሉ ከሬዲዮው ጎን፣ ከሁሉ በላይ፣ ከማንም በላይ ሳይሆን ተቀመጠ።

ተቀምጦስ መች አረፈ። ማዞሪያው ያለው እሱ ጋ ብቻ ነውና ኻድራ በግንቡ ላይ «ጋሽ ሣህሉ፣ ቁርአን የሚቀራበት ሰዓት ደረሰ» ትላለች። አብዲቃድር «አቦ፣ ቀንሰው፣ መርፌዬን አሳተኝ» ይላል። ከማዶ በዛብህ የበረንዳውን ብረት በከዘራው ይመታል፤ ጅቡቲ ይሁንልኝ ማለቱ ነው። ሣህሉ እየተነሣ ያዞራል። ገበያ መሄድ ቀረበት። ለልቅሶ ሄዶ እንኳን «ሬዲዮውን ምነው ዝም አሰኘኸው?» ተብሎ ልቅሶው ቦታ ድረስ መልእክት ተላከበት።

«ዘበኛ እንኳን ይቀየራል» አለችው የኔነሽ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው በዛብህ በረንዳ ላይ የሆነው ነው። እስፒከሩ ትልቅ፣ ቦታው ነፋሻ፣ ጥላው የጥንት የከዚራ ዛፍ ስለሆነ ጫት የሚቃምበት በርጫ ወደዚያ ዞረ። አብዲቃድርም ስፌቱን በጊዜ እየጨረሰ ወደዚያ ይሻገራል። ሣህሉ በመስኮት ያያቸዋል፤ እሱ በሚያዞረው ሬዲዮ ይስቃሉ። አንድ ቀን አልቻለም። አዲስ አበባን እንደተከፈተ ትቶ፣ ሽርጡን አሳምሮ፣ ጫቱን ይዞ ተሻገረ። የበረንዳው ደረጃ ላይ ሲደርስ በዛብህ ቀና አለ።

«ሣህሉ፣ መጣህ? ታዲያ ጣቢያውን ማን ሊቀይር ነው?»

ማንም አልሳቀም። ማንም ግን ጠጋ አላለለትም። ሣህሉ «ኧረ ረስቼው» አለና ተመለሰ።

በማግስቱ ሬዲዮው ሞተ። ማለት ሣህሉ አጠፋው። ከየቤቱ ሲጮኽበት ብቅ አለና፣ «ከውስጥ ሸተተኝ። ተቃጥሏል» አላቸው።

የኔነሽ በሩን ዘጋችና፣ «ደህናውን ነገር ሞተ ማለት፣ አንተ፣ ነውር አይደለም?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ። ደህና መሆኑን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አለ፣ ክርኑን ሬዲዮው ላይ አስደግፎ። «ይምጡና ይዩኝ። አብረው ሲቀመጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ያ ሰውዬ እንደገና እዚህ፣ ከእግሬ ሥር እስኪቀመጥ አልከፍተውም።»

መጡም። አብዲቃድር ቀድሞ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ።

«እንዴት ሆነ ነገሩ? ምልክት አሳይቶ ነበር?»

«ምንም። ዜናውን ጨርሶ ነው።»

«አይ ዱንያ» አለ አብዲቃድር፤ ጫቱንም ፈታ።

በዛብህም እያነከሰ መጥቶ፣ ወግ ነውና፣ «ያጽናህ» አለው። የድሮ ቦታው ላይ፣ ከሣህሉ በታች ተቀመጠ። ልቅሶ ሦስት ቀን ነው ብለው ሳይመካከሩ በማግስቱም መጡ፤ ከዚያም ቀጠሉ። ሬዲዮ ስለሌለ ማውራት ግድ ሆነ። አብዲቃድር የቀበሌው ስኳር እንዴት በመንገድ ላይ እንደሚቀልል አወራ። ከዚያም ተነሥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጓድ ማዘንጊያ ስለ ንቃት ሲናገር ራሱ እንዴት እንደሚያንቀላፋ አሳየ። በዛብህ ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ። ሣህሉ የሞተውን ሬዲዮ ተደግፎ ሲያያቸው፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሐዘን አግኝቶ አያውቅም።

ይህን ያበላሸው በዛብህ ነው። «መጋላ ውስጥ ሃሺ የሚባል ሬዲዮ ሠሪ አለ» አለ። «ነገ ከሰዓት ይመጣል። ነግሬዋለሁ።»

«ምን አደከመህ። የማይድን ነገር ነው» አለ ሣህሉ።

«ሐኪም ሳያየው?»

ሣህሉ በማግስቱ ጠዋት የሬዲዮውን ጀርባ ፈታ። አንድ ነገር ነቅሎ ውሸቱን እውነት ሊያደርገው ነበር። ጉጠቱን አስገባና ባዶውን አወጣው። መልሶ ዘጋው። ሃሺ ሲመጣ ሶኬቱን ሰክቶ ማዞሪያውን ያዞራል፤ ሬዲዮው ይናገራል፤ በዛብህ ከዚያ ወዲያ ይህን ደጅ አይረግጥም። ሌላ የሚሆን ነገር አልታየውም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቀድመው መጥተው ሃሺን መጠበቅ ያዙ። ሐኪም ሲጠበቅ አይወራምና ዝም አሉ። ቤቱ ውስጥ የጫት ቅጠል ሲቀነጠስ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ፣ ከኤሌክትሪክ የተነቀለው ሬዲዮ፣ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ በቀጠነ ድምፅ፣ «ጋሽ ሣህሉ» አለ።

ሦስቱም ሣጥኑን አዩት።

«ጋሽ ሣህሉ፣ እኔ ነኝ፣ ኻድራ። ያንን ሃሺን መልሱት። ሬዲዮው ምንም አልሆነም፤ ለየኔነሽ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ካርቶኑ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ እኮ ይሰማኛል። ሌላ የምሰማው ሲያልቅብኝ ለጠፍኩት።»

ሣህሉ ሽቦ ሲዘረጋ ድምፅ ከእሱ ወደ ሰው ይሄዳል ብሎ ነው። በሽቦ የወረደ ድምፅ ግን በዚያው መንገድ ይወጣል። እስፒከሩ ሬዲዮው ሲዘጋ ሥራ ፈትቶ እንደ ጆሮ እንደሚሆን፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለነበር፣ ማንም አላወቀም። የበዛብህና የአብዲቃድር ቤት ሰዎችማ ለሞተ ነገር ጆሮ ሰጥተው አያውቁም።

«አትክፈተው ግን» አለ ሣጥኑ። «ከሬዲዮው እናንተ ትሻላላችሁ። አብዲቃድር፣ የማዘንጊያን ነገር ትናንት ከመካከሉ ነው ያቋረጥከው።»

አብዲቃድር ከሣጥኑ ሸሸት አለ። «ሣህሉ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለቀበሌው አዳራሽ ያ ሽቦ ገባለት?»

«አልገባለትም። ሽቦ አልተገኘም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

በዛብህ ግን ዓይኑን ከሣህሉ ላይ አላነሣም። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እና እኔ በዚህ እግሬ እየተጎተትኩ ያጽናህ ስልህ የከረምኩት ለደህና ሬዲዮ ነው?»

በዛብህ ጫቱን ጠቀለለ፣ ከዘራውን አነሣ፣ ወጣ። መንገዱን እያነከሰ ሲሻገር ሣህሉ በመስኮት አየው። የፈለገው ይህ ሰው እዚህ እንዲቀመጥ ነበር፤ ይኸው ሄደ።

«ማን ነው የወጣው? ከዘራ ሰማሁ» አለች ኻድራ ከሣጥኑ።

«ሙሴ በዛብህ» አለ አብዲቃድር።

«ይሂድ። እቤቱስ እስፒከር አለው አይደል? ስለ እሱ ብታወሩ ይሰማል።»

ሣህሉና አብዲቃድር ተያዩ። ሰው ስለ ራሱ የሚወራበትን ሣጥን ትቶ አያልፍም። በዛብህ አሁን ያንን ሰፌድ የሚያህል እስፒከር ታቅፎ መቆሙን ለማወቅ ማየት አያስፈልግም። ሣህሉ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለ። ለፊቱ ሊናገረው ያልቻለውን ለእንጨቱ ነገረው።

«በዛብህ፣ በፈረንሳዊው ጊዜ ለመጋዘን ኃላፊነት ልለምን ኮፍያዬን አውልቄ ገብቼ ነበር። አንተ ስትተረጉም አንድ ነገር አልክ፤ ሳቃችሁ። እስከ ዛሬ ይኸው ሆዴ ውስጥ አለ። ምን ብለህ ነው?»

ከሣጥኑ ባዶ በርሜል ሲንከባለል የመሰለ ድምፅ አጉረመረመ። ትልቁ እስፒከር ለመስማት እንጂ ለመናገር አልሆነም፤ አንድም ቃል አልተለየም። ሁለተኛም አጉረመረመ። ከዚያ የበረንዳው በር ሲጮህ ተሰማ፤ ከዘራው መንገዱን መምታት ጀመረ። በዛብህ እያለከለከ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አላልኩም» አለ።

«ምኑን?»

«ያልከውን ነገር።»

«ምን እንዳልክ መች ተናገርኩ? ፈረንሳይኛ አላውቅም። ሳቃችሁ ነው ያልኩት።»

በዛብህ እግሩ ስላልቻለ ቦታው ላይ ተቀመጠና አሰበ። የኔነሽ ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ።

«ያ… ፍየሏ የገባችበት ቀን ነው?»

«የምን ፍየል?»

«ፍየል ናታ። በመስኮቱ ገብታ አንድ ጋዜጣ ትበላ ነበር። አንተ ጀርባህን ሰጥተሃት ስለቆምክ አላየሃትም። ፈረንሳዊው ‘ጋዜጣው የማን ነው?’ አለኝ። ‘አሁን የፍየሏ ነው’ አልኩት። ሳቅን። ይኸው ነው።»

«እና የእኔ ጉዳይ?»

«አልተረጎምኩትም መሰለኝ። ፍየሏ ጣልቃ ገባች።»

«ይታሰብበታል ብሏል ያልከኝስ?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? ኮፍያህን ይዘህ ቆመሃል።»

አብዲቃድር መሳቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ሳይወስን ጫት ጎረሰ። ሣህሉ በልቡ ቆጠረ። አህያ አላለውም። ይሸታል አላለውም። ጭራሽ አላነሣውም። ይህን ያህል ዘመን ሆዱ ውስጥ የተሸከመው ፍየል ነበር። በዛብህ መነሣት ይችል ነበር፤ አልተነሣም። ጠቅልሎ የወሰደውን ጫት እንደገና ፈታው። ሃሺን የሚጠብቅ አልቀረም።

«ከጋዜጣው በኋላ ያለውን አልሰማሁም» አለች ኻድራ። «በዛብህ፣ ወደ ሣጥኑ ቀረብ በልና ከፍ አርገህ ድገመው።»

ወደ ሣጥኑ መቅረብ የሚቻለው ሣህሉ ጠጋ ካለ ብቻ ነው። ሣህሉ ጥቂት አሰበና ጠጋ አለ። በዛብህ እግሩን እየጎተተ አጠገቡ ተቀመጠ። አፉን ወደ እንጨቱ አስጠጋ።

«ቆይ» አለች ኻድራ፣ «ውሃ ልቅዳ። እንዳትጀምሩ።»

ጠበቋት። እንስራዋ ሲጋደል፣ ውሃው ጣሳ ውስጥ ሲወርድ ከሣጥኑ ውስጥ በቀጭኑ ይሰማል። ሣህሉ ጆሮውን አዘነበለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ታሪኩ ምናልባት ስለ ፍየሏ ሳይሆን ስለ እሱ ይሆን ይሆናል።